የኤኪናሲያ አበባ ቀለምና የዘሩ ጠባይ

በአበባ ንግድ ቀለም ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው። ገዥው በከረጢቱ ላይ የብርቱካንማ አበባ ሥዕል አይቶ ዘሩን ይገዛል፤ ዘርቶም እስከሚያብብ ድረስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ይጠብቃል። አበባው ሲፈነዳ ሐምራዊ ሆኖ ቢያገኘው የሚወቅሰው ሻጩን ነው። ሻጩም ያታለለ ሳይሆን የሸቀጡን ጠባይ ያላወቀ ሊሆን ይችላል። በኤኪናሲያ ላይ ይህ ስሕተት በቀላሉ ስለሚደርስ፥ የቀለሙን ምንጭ መረዳት ለነጋዴውም ለአትክልተኛውም ይጠቅማል።

ኤኪናሲያ የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። የአበባው መካከል እንደ ሾጣጣ ጉብ ብሎ የሚወጋ እሾህ መሰል ነገር ስላለው፥ ሞንሽ የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1794 ዓ.ም. ስሙን ጃርት ከሚል የግሪክ ቃል አወጣለት። በአትክልት ቦታ በብዛት የሚታወቀው ኤኪናሲያ ፑርፑሪያ ሐምራዊ ነው፤ ነጭም ይገኝበታል። ከወገኖቹ ሁሉ ቢጫ የሚያብበው ኤኪናሲያ ፓራዶክሳ ሲሆን፥ ይኸውም በሚዙሪና በአርካንሶ ኮረብታዎች የሚበቅለው ነው።

ብርቱካንማዎቹና ሌሎቹ አዳዲስ ቀለሞች በብዛት የተገኙት እነዚህን ሁለቱን በማዳቀል ነው። በቺካጎ የዕፀዋት ማሳደጊያና በሌሎች ችግኝ ጣቢያዎች የተደረገው ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ገበያውን በአዳዲስ ቀለሞች ሞላው። ነገር ግን የተዳቀለው ተክል የሚሰጠው ዘር የእናቱን ቀለም አይጠብቅም። ስለዚህ ቀለሙን ሳይለውጥ የሚባዛው ሥሩን በመክፈል ወይም ከተክሉ ጥቂት ቁራጭ ተወስዶ በጠርሙስ ውስጥ በሚደረግ የቲሹ ካልቸር ሥራ ነው። የችግኙ ዋጋ ከዘሩ የሚበልጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ በአሜሪካ የፓተንት መብት የተሰጠባቸው ስለሆኑ፥ መብቱ እስኪያልቅ ድረስ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው።

በዘር የሚሸጥ ባለ ብዙ ቀለም ዐይነትም አለ። «ሻየን ስፒሪት» የተባለው በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የዘር ውድድር ተሸላሚ ሆኗል። ይሁን እንጂ ቀለሙ ቅልቅል ነው፤ የትኛው ተክል ቢጫ፥ የትኛው ቀይ እንደሚሆን የሚታወቀው ሲያብብ ነው።

ተክሉ ሙሉ ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። የተዳቀሉት ዐይነቶች በብርድ ወራት ሥራቸው ውኃ ውስጥ ከሰነበተ በቶሎ ይሞታሉ። በመጀመሪያው ዓመት የአበባውን አገዳ መቁረጥ ሥሩን ያጠነክራል። የረገፈ አበባም ዘሩን ሳያፈስስ ይቆረጥ፤ አለዚያ ከሥሩ የበቀለው ሐምራዊ ልጅ እናቱን አሸንፎ፥ ባለቤቱ «አበባዬ ቀለሙን ለወጠ» ይላል። በሌላ በኩል፥ ሐምራዊ የነበረው አረንጓዴ ሆኖ ከሾጣጣው ላይ ቅጠል ቢያበቅል፥ ይህ ብርቅ ቀለም ሳይሆን ዘላይ ነፍሳት የሚያዛምቱት በሽታ ነው። መድኃኒት ስለሌለው ተነቅሎ ይወገዳል።

እንግዲህ ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት ሸቀጡ ዘር ነው ወይስ ችግኝ፥ አንድ ቀለም ነው ወይስ ቅልቅል፥ ፓተንት አለበት ወይስ የለበትም ብሎ ይጠይቅ፤ ያገኘውንም መልስ ለደንበኛው በጽሑፍ ያሳውቅ። ዘር ከልጓም ይስባልና፥ በከረጢቱ ላይ ያለው ሥዕል ዘሩን አይገዛውም።