የጋራ ማለት የማንም ማለት አይደለም

በጋራ የተያዘ ሀብት ውሎ አድሮ መጥፋቱ አይቀርም የሚለው አስተሳሰብ የግል ሀብት ጠበቆች ሁሉ የሚመኩበት ጋሻ ሆኖ ቆይቷል። ጋሬት ሀርዲን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ግጦሹ የጋራ እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱ እረኛ በመንጋው ላይ አንዲት ከብት ከመጨመር ስለማይቆጠብ መስኩ መራቆቱ የማይቀር ነው ሲል አስተምሯል። መፍትሔውም ወይ የግል ይዞታ፣ ወይ ከላይ የሚመጣ አስገዳጅ ኃይል ነው ተባለ። እኛ ግን ጥያቄውን ከመጽሐፍ ገበታ ሳይሆን ከመስኩ ተነሥተን ልንመረምረው ይገባል።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ምንጮችም ይፈልቁበታል። ስሙን ያገኘበት የጓሳ ሣር የጎጆ ክዳን ነው፤ ገመድም ይገመድበታል። ቁጥቋጦው ለማገዶ ይሆናል፤ በድርቅ ዘመንም የከብት መጠጊያ ነው። የመንዝ ገበሬ ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲያስተዳድረው ኖሯል። ተጠቃሚዎቹ አለቃቸውን ይመርጣሉ፤ መስኩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ወራት የመክፈቻው ቀን ታውጆ ሕዝቡ በአንድነት ያጭዳል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ሕግ ጥሶ የተገኘም ይቀጣል። እንግዲህ በሀርዲን መስክ ላይ የሌለው ነገር በጓሳ ነበር፤ እርሱም ሸንጎ ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሥርዓት አሳምረን ለመሣል አንነሣም። ቄሮው የቆመው በአጽመ ርስት ላይ ነበር። የመጠቀም መብት የሚገኘው አስቦና ጌራ ከተባሉት ሁለት አባቶች ትውልድ በመቆጠር እንጂ በላብ አልነበረም። የዘር ሐረግ መቁጠር ያልቻለው ድሀ ሣሩ በዓይኑ እያየ በባዶ እጁ ይመለስ ነበር። መስኩን የጠበቀው ደንብ ራሱ ሰውን ከሰው የለየ ደንብ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን የትውልድ አጥር አፈረሰ። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ገበሬውም በማኅበር ተደራጀ። የአዋጁ ፍትሐዊነት የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ግለ ሂስ ማድረግ ተገቢ ነው። ከርስቱ ጋር ቄሮውም ሲፈርስ፣ ከአድልዎው ጋር ዘቡና የመዝጊያው ቀጠሮ አብረው ተጣሉ። መብት ለሁሉም ሲዳረስ ግዴታ የማንም ሳይሆን ቀረ፤ ማጭዱም መንጋውም ያለ ቀጠሮ ገባ። አሮጌውን ማፍረስ የአንድ ቀን አዋጅ ሲሆን አዲሱን ማነጽ ግን የየዕለት ሥራ መሆኑን ጓሳ በተግባር አሳየን።

ጓሳን የታደገው ማን ነው? ባለሀብት ገዝቶ አላጠረውም። ገበሬዎቹ ራሳቸው ይህን ጊዜ የዘር ሐረግ ሳይቆጥሩ፣ በእድር አምሳል መተዳደሪያቸውን ዳግመኛ አቆሙ። አዋሳኝ ቀበሌዎች በጋራ ኮሚቴ ተገናኙ፤ ክልከላውም ጥበቃውም ተመለሰ። ከጊዜ በኋላም የክልሉ መንግሥት ይህን የሕዝብ ጥበቃ በሕግ አጸናው። አሮጌው ሥርዓት የያዘው ደንብና አዋጁ ያመጣው እኩልነት በአንድ ላይ ተዋሐዱ።

በንድፈ ሐሳብ በኩልም ክርክሩ መልስ አግኝቷል። ኤሊኖር ኦስትሮም በብዙ አገሮች የሚገኙ የጋራ ግጦሾችን፣ ደኖችንና የመስኖ ውኃዎችን አጥንታ፣ ተጠቃሚዎቹ ደንቡን ራሳቸው ሲያወጡና ጥበቃውንም ራሳቸው ሲቆጣጠሩ ሀብቱ ለዘመናት ሊዘልቅ እንደሚችል አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ሀርዲንም በኋላ ዘመኑ የጻፈው ያለ አስተዳዳሪ ስለ ተተወ የጋራ ሀብት መሆኑን አምኗል። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1842 የራይን ድሆች ከጫካ የወዳደቀ እንጨት በመልቀማቸው እንደ ሌባ መቆጠራቸውን በብዕሩ ተቃውሟል። ደን ሲታጠር መጀመሪያ በውጭ የሚቀረው ማን እንደሆነ ያኔም ግልጽ ነበር።

የከተማ ነዋሪውና ሠራተኛው ይህ የገጠር ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የቀበሌው ቦኖ፣ የሠፈሩ አረንጓዴ ቦታ፣ የፋብሪካው ክበብ የእኛ ጓሳዎች ናቸው። ስብሰባ የሚቀር አባል፣ ሒሳብ የማያሳይ ኮሚቴ፣ ሲጣስ ዝም የሚባል ደንብ መስኩን ከመንጋ ይልቅ ያራቁተዋል። የጋራ ሀብት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ተሰብስቦ የሚወስን፣ ወስኖም የሚጠብቅ ሕዝብ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን በመጪው ስብሰባ ላይ እንጠይቅ፦ የእኛን መስክ የሚጠብቀው ማን ነው? የሚከፈተውስ መቼ ነው?