‹‹ልጄ ጠረጴዛ ላይ የፈረሰ ከተማ ይሠራል፤ ምን ይሻለኛል?››

መቼም ወላጅ ልጁን የሚጠረጥርበት ነገር አያጣም። ሲጋራ ጀምሮ ይሆን? መጠጥ ይሆን? ክፉ ጓደኛ ይዞ ይሆን? በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ግን የ15 ዓመት ልጃቸውን ክፍል በከፈቱ ቁጥር የሚያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ የተቆራረጠ ካርቶን፣ ኮላ፣ አሸዋና የቀለም ብልቃጥ። ልጁ ትምህርቱን አልተወም፤ ከቤትም አይጠፋም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ዘግቶ ከተማ ይሠራል። ያውም የፈረሰ ከተማ!

‹‹ጣሪያው የተቦደሰ ቤት፣ መስኮቱ የረገፈ ፎቅ፣ መንገድ ላይ የተከመረ ፍርስራሽ… እኔስ የልጅ ነገር ብዬ አልፈው ነበር። አባቱ ግን አንድ ቀን ገብቶ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ምንም ሳይናገር ወጣ። ማታ ላይ ‘ይሄን ነገር ከቤቴ አውጡልኝ’ አለ›› ይላሉ እናት።

የአባትየው ነገር እንዲህ ነው። በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ወታደር ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስላዩት ነገር ለሚስታቸውም ሆነ ለልጃቸው ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ከጦርነት ሸሽቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው የሸሸው ነገር ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲጠብቀው ምን ይሰማው? ‹‹እኛ ስንሸሽ እሱ ጦር አውርድ ይላል እንዴ!›› ብለው ቢቆጡ ይፈረድባቸዋል?

አይፈረድም። ነገር ግን ከመፍረድ በፊት ነገሩን ማወቅ ደግ ነው።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

ጨዋታው የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ነው። ሁለት ተጫዋቾች ትንንሽ ወታደሮችን አሰልፈው በተራ ያንቀሳቅሳሉ። ርቀቱን በሜትር ይለካሉ፤ ተኩሱ መምታት አለመምታቱን በዳይስ ይለያሉ። በብዛት የሚታወቀው የወታደር ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአውራ ጣት ይነስ እንጂ አይበልጥም። ጠረጴዛው በተለምዶ 180 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው።

ታዲያ ከተማው ለምን ያስፈልጋል? ሜዳው ባዶ ከሆነ ጨዋታው አይጥምማ! ግድግዳ እይታ ይከልላል። ፍርስራሽ መሸሸጊያ ይሆናል። ጠባብ መንገድ ብዙ ሠራዊት ያለውን ያስጨንቃል። ስለዚህ ከወታደሩ እኩል ቤቱ ዋጋ አለው።

ነገሩ የዛሬ ልጆች ፈሊጥ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትስ የተባለ ሰው ለፕሩሺያው ንጉሥ ለፍሪድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ የጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ልጁ ጨዋታውን አሻሽሎ ለጦር መኮንኖች ትምህርት አበቃው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ‹‹ትንንሽ ጦርነቶች›› የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ ጨዋታውን ከጦር ሰፈር ወደ ቤት ወለል አወረደው። በኋላም ዋና መሥሪያ ቤቱ እንግሊዝ ኖቲንግሃም የሚገኘው ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1983 ‹‹ዋርሃመር››ን፣ በ1999 ደግሞ ሙሉ በሙሉ በፈረሰ ከተማ ውስጥ የሚካሄደውን ‹‹ሞርድሃይም››ን አወጣ። የዛሬዎቹ ልጆች የፍርስራሽ ፍቅር ከዚህና ከመሰሎቹ የመጣ ነው።

ካርቶን እንዴት ከተማ ይሆናል?

አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ተጫዋቹ ከሚጫወትበት ሰዓት ይልቅ የሚሠራበት ሰዓት ሊበዛ መቻሉን ነው።

መጀመሪያ ስሌት አለ። ወታደሩ 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዓለሙ ሁሉ ወደ 56 ጊዜ ያህል አንሷል ማለት ነው። በእውነት 2 ሜትር የሆነ በር 3.5 ሴንቲ ሜትር፣ 3 ሜትር የሆነ አንድ ፎቅ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ነገር ግን እጅ ገብቶ ወታደሩን ማንሳት ስላለበት ብዙዎች ፎቁን እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርጉታል። በሂሳብ ለሚለግም ልጅ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ግድግዳው ይቆረጣል። ለዚህ የሚመረጠው ለቤት ሙቀት መጠበቂያ የሚሸጠው ደንደን ያለ ፎም ነው። ጡቡ በስክሪብቶ ጫን እያሉ ይሰመራል። ድንጋይ እንዲመስል የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨባብጦ ላዩ ላይ ማንከባለል ነው። የክብሪት እንጨት የመስኮት ፍሬም፣ የአይስክሬም እንጨት የወለል ጣውላ ይሆናል። የፎም ቅርፍራፊና አሸዋ ደግሞ በነጭ የእንጨት ኮላ ተጣብቆ ፍርስራሽ ይሆናል። የቤቱ መሠረት ካርቶን ከሆነ ኮላው ሲደርቅ እየጎበጠ ስለሚያስቸግር ስስ ኤምዲኤፍ ይሻላል።

ቀለሙ ከጨለማ ወደ ብርሃን ይሄዳል። መጀመሪያ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ቀጥሎ መካከለኛው ቀለም ይቀባል። በመጨረሻ ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም ነክሮ፣ ጨርቅ ላይ ጠርጎ ሊደርቅ ሲል ጫፍ ጫፉን ዳበስ ዳበስ ማድረግ ነው። የጡቡ ጠርዝ ብቻ ይነጣና ግድግዳው ከተሠራ መቶ ዓመት የሆነው ይመስላል። በውሃ የቀጠነ ቡናማ ቀለም ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እድፍ ይሆናል።

ኪስና ጤና

ወጪው እንዳያስደነግጥዎ። ወታደሮቹ ውድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውም ቤት እንዲሁ። በእጅ የሚሠራው ከተማ ግን አብዛኛው ከቆሻሻ ቅርጫት ይገኛል። ስለዚህ ለልጅዎ ‹‹ወታደሩን ልግዛልህ፤ ከተማውን ራስህ ሥራ›› ቢሉት ለኪስዎም ለልጁም ይበጃል።

ሦስት ነገር ግን አደራ! አንደኛ፣ ስፕሬይ ቀለም ከቤት ውጪ ይነፋ። ፎም ላይ በቀጥታ ከተነፋም ያቀልጠዋል፤ የሳምንት ልፋት በደቂቃ ገደል ይገባል። መጀመሪያ ጥቁር ቀለምና ኮላ ቀላቅሎ በብሩሽ መሸፈን ይበጃል። ሁለተኛ፣ ፎምን በጋለ ሽቦ መቁረጥ ጎጂ ጭስ ስላለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሞከር። ሦስተኛ፣ የደነዘዘ ከተር ከስለታሙ ይልቅ ጣት ይቆርጣል፤ ምላጩ ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ አንዴ በኃይል ከመቁረጥም ደጋግሞ በቀስታ ማለፍ ነው።

ታዲያ ልጁን ጦረኛ አያደርገውም?

ዌልስ ራሱ በዚያው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ እውነተኛው ጦርነት ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ጅልነት እንደሆነ ጽፎ ነበር። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጨዋታው ጦርነትን አላመጣም፤ አላስቀረምም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የወላጅ ስጋት መሠረት የለውም አይባልም። ጠረጴዛው ላይ የሞተው ወታደር ተነስቶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም፤ እናት የለችውም። ይህን ለልጁ የሚነግረው የጨዋታው ደንብ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው። ከተማውን ከቤት አውጥቶ መጣል ደግሞ ያንን ንግግር ከነአካቴው ይዘጋዋል።

ከላይ የጠቀስናቸው ቤተሰብ የገጠማቸውም ይኸው ነው። እናትየው ልጁን በመደገፍና ባለቤታቸውን በማስታመም መሐል ከርመው ነበር። አንድ እሁድ ቡና አፍልተው ሳለ ልጁ መጥቶ ‹‹እማዬ፣ አተላውን እንዳትደፊው፤ ለከተማዬ አፈር እፈልገዋለሁ›› ይላል። (በደንብ ካልደረቀ እንደሚሻግት ልብ ይበሉ!) አባትየው ሰሙ።

‹‹ተነስቶ ተከተለው። እኔ ሊሰብርበት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ ‘ይሄ ልክ አይደለም’ አለው። ልጁ ‘ምኑ አባዬ?’ ሲለው ‘ሁሉንም ግራጫ አድርገኸዋል። ቤት ሲፈርስ እኮ የውስጡ ቀለም ነው የሚታየው። አንዱ ክፍል አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። የሰው ጓዳ ነው መንገድ ላይ የሚወጣው’ አለው።››

ልጁ የት እንዳየ ጠየቃቸው። አባትየውም፣ እንደ እናትየው አባባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ‹‹ምጽዋ›› የሚለውን ስም ቤታቸው ውስጥ ተናገሩ። ግድግዳው ተንዶ መደርደሪያው ላይ ስኒ ሳይሰበር የቀረበትን ቤት ነገሩት። የቤቱን ባለቤቶች እንደማያውቋቸውም ነገሩት። ልጁ ያን ሳምንት አንዱን ክፍል ሰማያዊ ቀብቶ ከወረቀት መደርደሪያ ሠራለት።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። አባትየው እስከ ዛሬ ዳይስ ሊጣል ሲል ተነስተው ይወጣሉ። ወታደሮቹን በእጃቸው አይነኩም። ልጁም ‹‹ና ተጫወት›› ብሎ አያስቸግራቸውም። ቤት ሲሠራ ግን ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም ይመጣሉ።

እንግዲህ እርስዎም ልጅዎ በሩን ዘግቶ ከተማ የሚሠራ ከሆነ አስቀድመው አይቆጡ። ወንበር ስበው ይቀመጡና ‹‹እዚህ ቤት ውስጥ ማን ነበር የሚኖረው?›› ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው ያዳምጡት። መልስ ከሌለው ደግሞ እርስዎ የሚያውቁትን ይንገሩት። ጦርነትን ያላየ ልጅ ከዳይስ ብቻ እንዳይማረው ማድረግ የእርስዎ ፋንታ ነው።