አይቶ ስለ መለየትና ኤስትሮጅን ስለ ተባለው ሆርሞን

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሶዶ ወረዳ በቡኢ ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት ያለፈ አንዲት ባልቴት ስለ ጠፋባቸው ነጠላ ከዳኛ ፊት ቀርበው ነበር። ቃላቸውንም የምጽፍ እኔ ነበርሁ። የጥለቱ መልክ ምን ዐይነት እንደ ሆነ ቢጠየቁ «አረንጓዴ መሰለኝ፤ አይ፣ ቢጫም አለበት» እያሉ ቃላቸው ተለዋወጠባቸው። ተከሳሹም ይህን ሰምቶ «ሴትዮዋ ጃጅተዋልና ቃላቸው ሊታመን አይገባም» ሲል ተቃወመ። ነገር ግን ዳኛው አምስት ነጠላ ከፊታቸው ቢያስዘረጉ ባልቴቲቱ ምንም ሳያመነቱ የራሳቸውን አነሡ፤ በጫፉም ላይ በገዛ እጃቸው የጠቀሙት ቀዳዳ ተገኘ።

በማግሥቱ ከልጆቻቸው አንዱ ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ በፈረንጅ አገር ኤስትሮጅን የሚባል ኪኒን የሴትን ትዝታ ይመልሳል ይላሉ፤ ለእናቴ ላስመጣላት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁምና በዚያን ቀን መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ ወዲህ መርምሬ ያገኘሁትን ግን፣ እናት ያለው ሰው ሁሉ ያስብበት ዘንድ እነሆ እጽፋለሁ።

ኤስትሮጅን ከሴት የእንቁላል ማኅደር እየመነጨ በደም ወደ አካል ሁሉ የሚሄድ ሆርሞን ነው። በ1923 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ የተባሉ አሜሪካውያን ኀይሉን በአይጦች ላይ ፈትነው አስረዱ፤ በ1929 ደግሞ ዶይዚ በአሜሪካ፣ ቡቴናንት በጀርመን አገር እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ንጹሕ አድርገው ለዩት። ሴት ስታርጥ ይህ ሆርሞን እጅግ ይቀንሳል። በወንድም አንጎል ውስጥ ጥቂት እንደሚሠራ ልብ ይሏል። ለምርመራ አይጥ የተመረጠችበት አንዱ ምክንያት፣ በሴት ልጅ አንድ ወር የሚፈጀው ዙር በእንስት አይጥ በአራትና በአምስት ቀን የሚፈጸም መሆኑ ነው።

አይጥ ግን መናገር አትችልምና ያየችውን ማስታወስዋ በምን ይታወቃል? ኤናሱርና ዴላኩር የተባሉ በፈረንሳይ አገር የሚሠሩ ሊቃውንት በ1988 ቀላል ዘዴ አሳዩ። አይጢቱን ሁለት ተመሳሳይ ዕቃ ወዳለበት ሣጥን ያገቧትና ጥቂት ደቂቃ እንድታሸት ይተዋታል። ከዚያ አውጥተው ካቈዩዋት በኋላ፣ ከሁለቱ ዕቃዎች አንዱን በአዲስ ለውጠው ይመልሷታል። የቀድሞውን የምታስታውስ እንደ ሆነ እርሱን ትታ አዲሱን ታሸታለች፤ የረሳች እንደ ሆነ ግን ሁለቱም አዲስ ይሆኑባትና እኩል ትመረምራቸዋለች። ለዚህም ሽልማት አይሰጣት፣ ቅጣትም አያገኛት፤ ምስክርነቷ በአፍንጫዋ ነው። የቡኢዋ ባልቴት ነጠላቸውን የለዩበት ችሎታና ይህ የአይጢቱ ችሎታ ወገኑ አንድ ነው፤ ያልታየውን ነገር ከልብ አውጥቶ መናገር ግን ሌላ ሥራ ነው።

በኒውዮርክ ከተማ በሃንተር ኮሌጅ ታስተምር የነበረችው ቪክቶሪያ ሉዊን ከባልደረቦቿ ጋር በ2003 ባወጣችው ምርመራ፣ የእንቁላል ማኅደራቸው የወጣ አይጦች ዕቃዎቹን ሊያዩ ጥቂት ሲቀራቸው ወይም አይተው ወዲያው ኤስትሮጅን ቢወጉ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ አሮጌውን ከአዲሱ ለዩ። ያልተወጉት ግን መለየት አቃታቸው። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ መርፌው ዕቃውን ካዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተሰጠ እንደ ሆነ ምንም አለመጥቀሙ ነው። እኛ ጸሐፊዎች ይህ ነገር አይከብደንም፤ ምስክሩ ሲናገር ያልተጻፈ ቃል ከሄደ በኋላ ብዙ ቀለም ቢፈስለት አይመለስም። ከዚያ አስቀድሞ በ1990 ዉሊ፣ ማክዩዊንና ባልደረቦቻቸው በአይጥ አንጎል ውስጥ፣ ለትዝታ በሚሠራው ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል፣ ነርቭ ከነርቭ የሚገናኝባቸው እሾህ መሰል ቡቃያዎች በኤስትሮጅን መጠን እንደሚበዙና እንደሚያንሱ፣ ያውም በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አሳይተው ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ኪኒኑን ለእናቱ ለመግዛት ቢቸኩል አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያው በ2003 በአሜሪካ የወጣው ታላቅ ምርመራ ነገሩን ገለበጠው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 4,532 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ ኤስትሮጅን ከሌላ ሆርሞን ጋር ተቀላቅሎ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ይወስዱ ነበር። በአማካይ አራት ዓመት ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ አእምሯቸው የጠፋ 61 ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም 40ዎቹ መድኃኒቱን ከወሰዱት ወገን፣ 21ዱ ካልወሰዱት ወገን ነበሩ። ይጠብቃል የተባለው ጎዳ።

አይጢቱ ዋሸችን? አልዋሸችም፤ የተጠየቀችውን ብቻ መለሰች። ጊብስ የተባለ ሊቅ በ2000 እንዳሳየው፣ የእንቁላል ማኅደራቸው በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ሆርሞኑ የተጀመረላቸው አይጦች የቦታ ትምህርት ሲቀናቸው፣ ዐሥር ወር ከቈዩ በኋላ የተጀመረላቸው ግን አልተጠቀሙም። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት የሆርሞኑ ጥቅም በጊዜው ላይ የተመሠረተ ይመስላል ይላሉ። ለሴቶች ግን ይህ እስካሁን ተፈትኖ አልጸናምና፣ ሐኪሞች ኤስትሮጅንን ለማረጥ ወራት ትኵሳትና ላብ ያዛሉ እንጂ ለመርሳት አያዙም። ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ ስለሚያደርግ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰዱ አደጋ አለው።

ለልጁ የነገርሁት ይህንኑ ነው። ደግሞም የጥለት ቀለም መዘንጋት በሽታ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን እናቱ የቤታቸውን መንገድ ወይም የልጆቻቸውን ፊት መለየት የተሳናቸው እንደ ሆነ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም እንዲወስዳቸው መከርሁት። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የደም ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣትና ኀዘን ትዝታን ያደክማሉና፣ እነዚህም ሊታከሙ ይቻላል። እርሱም ወንድሞቹ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲገቡ ተማክረው እናታቸውን ወደ ቡታጅራ ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷቸው ተስማማ፤ ኪኒኑን ለማስመጣት ያሰበውንም ገንዘብ ለመንገዱ አስቀመጠው።