ሽጉጡ ፈቃድ ቢኖረውስ?

በመርካቶ ሱቅ የሚዘጋበት ሰዓት የወሬም ሰዓት ነው። ሚሊተሪ ተራ ላይ ላሜራው እየተጎተተ፣ የቀኑ ሽያጭ በፌስታል ተጠቅልሎ ብብት ስር እየገባ፣ ከነጋዴዎቹ አንዱ «ሌሊት ሱቄ ድረስ የገባን ሌባ ድፍት ባደርገው ማን ይጠይቀኛል?» ይላል። ሌላው «ማንም!» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ «መሣሪያው ፈቃድ ካለው ነው እንጂ» ሲል ያርማቸዋል። ሦስቱም ተሳስተዋል። የሦስተኛው ስህተት ግን ይብሳል፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ንግግር ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምነዋል።

የሌሊት ሌባ ደም የለውም የሚለው እምነት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22፣ ሌባ ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት መቺው በደም እንደማይጠየቅ ይናገራል። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ግን ተከታዩን ቁጥር ይዘሉታል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ መቺው ባለ ደም ነው። ኦሪትም ቢሆን የሌባውን ማንነት ብቻ ሳይሆን አደጋው የደረሰበትን ሁኔታ ያያል።

ዛሬ የምንዳኝበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሕጋዊ መከላከልን የሚደነግገው አንቀጽ 78 ላይ ነው። እዚያ ውስጥ «ሌሊት»፣ «ሱቅ» ወይም «ሽጉጥ» የሚል ቃል የለም። ያለው ሌላ ነው፦ ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው ነገር ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ጥበቃው ለራስ ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ለሌላ ሰውም፣ ለንብረትም ይሠራል። ስለዚህ «ሕጉ ዝም ብለህ ተዘረፍ ይላል» የሚሉትም ልክ አይደሉም።

ነገሩን ሱቅ ውስጥ አስገብተን እንየው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጥበቃ ከጣቃ ጨርቅ ክምር አጠገብ ተኝቷል። ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ሲቀደድ ይሰማል። አንድ ሰው ፌሮ ይዞ ይወርዳል፤ ጥበቃውን ሲያይ ፌሮውን አንስቶ ይመጣበታል። ጥበቃው ቀድሞ በቆመጥ ጭንቅላቱን ይለዋል፤ ሰውየው ይወድቃል። ይህ ምት አንቀጽ 78 ውስጥ ነው፤ ሰውየው ቢሞትም እንኳ። አሁን ትንሽ እንቀይረው። ሰውየው ጥበቃውን ሲያይ ፌሮውን ጥሎ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ጥበቃው ተከትሎ ከኋላ ማጅራቱን ይለዋል። ሌባው ያው ሌባ ነው፤ ሌሊቱም ያው ሌሊት ነው፤ ጥቃት ግን የለም። አንድ ጊዜ ደግሞ እንቀይረው። የመጀመሪያው ምት ጥሎታል፤ ሰውየው መሬት ላይ ተዘርሮ ሳለ ጥበቃው በንዴት ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። ያኔ ዳኛው የመጀመሪያውን ምት ከሦስተኛው ለይቶ ያየዋል።

ከመጠን ማለፍን በተመለከተ በሌላ አቅጣጫ የሚሳሳቱም አሉ፤ «ትንሽ ካለፍክ ያው እንደ ማንኛውም ነፍሰ ገዳይ ነህ» ይላሉ። አይደለም። አንቀጽ 79 በሕጋዊ መከላከል ላይ እያለ መጠኑን ያለፈ ሰው ቅጣቱ እንዲቀነስለት ያዛል። መጠኑን ያለፈው ጥቃቱ በፈጠረበት ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም ስሜት ከሆነና ይህም ይቅር የሚባል ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነፃ ሊያደርገውም ይችላል። በግድያም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ የመከላከልን ወሰን በማለፍ የተፈጸመ ግድያ ግን በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ነው። ሕጉ የፈራ ሰውን ያውቀዋል። የማያውቀው ፈርቻለሁ እያለ የሚበቀለውን ነው።

በመርካቶ ከሽጉጥ ይልቅ በየቀኑ የምናየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸትና ከየበረንዳው የሚወርደው ቡጢ። ብዙ ሰው «ሌባን ሕዝብ ሲመታው ማንም አይጠየቅም» ብሎ ያምናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ባለ ይዞታ ንብረቱን የሚነጥቀውን በኃይል እንዲመልስ ይፈቅድለታል፤ ሲሰርቅ ወይም ሲሸሽ ከተያዘ ሰው እጅ ላይም ወዲያውኑ መውሰድ ይችላል። ይህ ለነጋዴ ትልቅ መብት ነው። ያው አንቀጽ ግን ሁኔታው ግድ ከሚለው ውጭ መደብደብን ይከለክላል። ከ1954 ጀምሮ የምናውቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሌባ ማንኛውም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ የያዘው ሰው ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ስልኩን አስመልሰህ፣ ልጁን አስይዘህ፣ ከዚያ በእርግጫ ጎኑን ብትሰብረው የተሰረቀብህ ስልክ መከላከያ አይሆንህም። ከባድ የአካል ጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። «ሁላችንም መታነው» ማለትም የእያንዳንዱን ድርሻ አያጠፋም።

ወደ መሣሪያው እንመለስ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ሁለት ተቃራኒ ወሬ ተነሣ። አንዱ «መሣሪያ ተፈቀደ»፣ ሌላው «መሣሪያ ተከለከለ» አለ። አዋጁ የወጣው በየክልሉ ግጭት በበዛበትና ሕገ ወጥ መሣሪያ እንደ ልብ በሚዘዋወርበት ጊዜ ነበር፤ በ2011 ፖሊስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ33,000 በላይ ሽጉጥ መያዙን ተናግሮ ነበር። ሕጉ መሣሪያን ከነጭራሹ አልከለከለም፤ እንደ ልብም አልለቀቀም። መያዝን በፈቃድ ብቻ አደረገ፤ ለፈቃዱ ዕድሜን ጨምሮ መመዘኛ አስቀመጠ፤ የትኞቹ ተቋማት ሠራተኞቻቸውን ማስታጠቅ እንደሚችሉ ለየ፤ ግለሰብ መሣሪያ እንዳይነግድና እንዳያከማች ከለከለ። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነበት አካባቢ የሚኖረውንም ከሌላው ለይቶ አየ። ስለዚህ «አባቴ አገር ቤት ክላሽ ይዞ ሲዞር ማንም ምንም አላለው» የሚለው ክርክር መርካቶ ባለችበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ላይ አያስኬድም።

ይህን ያህል ተወርቶበት ያልጠራው ነገር የጥቅምት 2014ቱ ምዝገባ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ በገፋበት ጊዜ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ዕለት፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡና አካባቢያቸውን እንዲጠብቁ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ «ያኔ አስመዝግቤያለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የካቲት 8 ቀን 2014 በምክር ቤቱ ተነሥቷል። የ1177 አዋጅ ግን አለ፤ የሚጠይቀውም ፈቃድ ነው። ምዝገባ መሣሪያው መኖሩን ያሳውቃል እንጂ በራሱ ፈቃድ አይሆንም። እጁ ላይ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ የሚጠራጠር ሰው ተጠራጥሮ ከሚቀመጥ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቢያጣራ ይሻለዋል። ከአባት የቀረ ሽጉጥም እንዲሁ ነው፤ ፈቃዱ ለሟቹ የተሰጠ እንጂ ከቤትና ከመሬት ጋር የሚወረስ አይደለም። በድምፅ ብቻ ለማስደንገጥ ተሠርቶ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረውን የቱርክ ሽጉጥ «መጫወቻ ነው» የሚል ካለ፣ ጥይቱ ሲወጣ መጫወቻ አይሆንም። ሕጉም እንደዚያ አያየውም።

የሦስተኛው ነጋዴ ስህተት እዚህ ላይ ይታያል። ፈቃድ የሚመልሰው «ይህ መሣሪያ እጅህ ላይ ለምን ተገኘ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ለምን ተኮስክ?» ለሚለው መልሱ ያለው አንቀጽ 78 ላይ ነው። የንግድ ፈቃድ ያለው ነጋዴ በፈቃዱ ምክንያት ግብር እንደማይቀርለት ሁሉ፣ የሽጉጥ ፈቃድም ከግድያ ክስ አያድንም። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ፈቃድ በሌለው ሽጉጥ ሕይወቱን በእርግጥ ያዳነ ሰው ከግድያው ነፃ ሊባል፣ በሽጉጡ ግን ሊከሰስ ይችላል። ሕጉን ጨካኝ የሚያስመስለው ይህ ነው፤ እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። ካልሆነማ ሁሉም ሰው ለክፉ ቀን እያለ ሽጉጥ ይገዛል፤ በዚያ ጠባብ ተራና ግፊያ ውስጥ ደግሞ የአንዱ ጥይት የሚያርፈው ጭነት ተሸክሞ በሚያልፈው ኩሊ ላይ ነው።

ከባሕር ማዶ የሚመጣውም ወሬ ቀላል አይደለም። ዳላስ የሚኖር የአጎት ልጅ «እዚህ እኮ ንብረትህን የነካን ትተኩስበታለህ» ይላል። ስለ ቴክሳስ ከሆነ ሐሰት ነው አይባልም፤ የግዛቲቱ ሕግ በተወሰነ ሁኔታ በተለይ ሌሊት የሚፈጸም ስርቆትን ለማስቆም ገዳይ ኃይል እንዲያገለግል ይፈቅዳል፤ ከመስከረም 2021 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮም ብዙ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል። ፍሎሪዳ በዚያው አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ፣ ራሱን የሚከላከል ሰው በሕግ ከቆመበት ቦታ እንዲያፈገፍግ አይገደድም ትላለች። እዚያው አሜሪካ ውስጥ እንኳ ግዛት ሲለወጥ ሕጉ ይለወጣል፤ መርካቶ ላይ ሲደርስማ አንዱም አይሠራም። የእኛ አንቀጽ 78 «በሌላ መንገድ ሊመለስ አይችልም ነበር ወይ?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ በሩን ዘግቶ 991 መደወል ይቻል ከነበረ ዳኛው ያንን ያነሣል።

«ነገሩ ከተፈጠረ በኋላ መሰወር ይሻላል» የሚለው ምክር የእውነተኛ ተከላካይን ጉዳይ ያበላሻል። ራሱን የተከላከለ ሰው ዋና ምስክሩ ቦታው ነው፦ የተቀደደው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ላይ የወደቀው ፌሮ፣ ቀለሁ የተገኘበት ቦታ፣ ቁስሉ ከፊት ነው ወይስ ከጀርባ የሚለው የሐኪም ማስረጃ። ፌሮውን አንስቶ የደበቀ ወይም ደሙን ያጠበ ሰው፣ አጥቂው ምን ይዞ እንደመጣበት የሚያሳይለትን ነገር በገዛ እጁ ያጠፋል።