ሰንጠረዥ ዘርግቶ ወዳጅ መጥራት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራው ቀለል ፀሐዩም በረድ ሲል፣ እንደ አብዛኞቹ የሀገራችን ከተሞች ሁሉ እዚህም ዳማ ይዘረጋል። ሰሌዳው ካርቶን ወይም ጣውላ ነው። ጠጠሮቹ የለስላሳና የቢራ ቆርኪዎች ናቸው፤ የአንዱ ወገን በፊታቸው፣ የሌላው በጀርባቸው ይደረደራሉ። ሁለት ሰው ተቀምጦ ይጫወታል፣ ሌላው ዙሪያውን ቆሞ ያያል። ከቆሙት መካከል "ብላ እንጂ!" ብሎ የማይጮህ አይገኝም።

ዳማን ማን አስተማረህ ቢባል የአስተማሪውን ስም የሚጠራ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የለመደው ቆሞ ሲያይ ነው። መጀመሪያ ዓይኑ ለመደ፣ ቀጥሎ አፉ መከረ፣ በመጨረሻ አንዱ ተጫዋች ለጉዳይ ሲነሣ "እስቲ ያዝልኝ" ተብሎ ተቀመጠ።

አዲስ ጨዋታ ይዞ ወደ ጓደኞቹ የሚመጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ጠጠሮቹን ከማውጣቱ በፊት "ቁጭ በሉ፣ ሕጉን ላስረዳችሁ" ይላል። ማብራሪያው ሲረዝም አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ሌላው "ሌላ ቀን ይሁን" ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ "እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ ልይ" ይላል። ጋባዡ በሦስተኛው መልስ ቅር ይለዋል። ሊለው አይገባም፤ ከሦስቱ ሁሉ ወደ ሰሌዳው የቀረበው እሱ ነው። "እኔ ልይ" ያለ ሰው የሚያየው ነገር ካገኘ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጁን መስደዱ አይቀርም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ትንንሽ የወታደር፣ የፈረሰኛና የአውሬ ምስሎችን ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ መጫወት ሰፊ ልማድ ሆኗል። ተጫዋቹ ምስሎቹን ራሱ ይገጣጥማል፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀባቸዋል፣ እርምጃቸውን በመለኪያ እየለካ ያንቀሳቅሳቸዋል፣ የፍልሚያውን ውጤት ደግሞ ዳይስ ወርውሮ ይወስናል። ከእነዚህ ጨዋታዎች እጅግ የታወቀው ዋርሀመር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ያወጣው ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው ድርጅት በ1975 ለንደን ውስጥ በሦስት ጓደኛሞች ሲመሠረት ሥራው ከእንጨት የጨዋታ ሰሌዳ መሥራት ነበር፤ ከሠሯቸው ሰሌዳዎች አንዱም የገበጣ ዘመድ የሆነው ማንካላ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሱቆች ያሉት ይህ ድርጅት አዲስ ሰው ሲመጣ የሕግ መጽሐፍ አያስቀድምም። አንድ ምስል በነጻ ይሰጠዋል፣ እዚያው ያስቀባዋል፣ አጠር ያለ ጨዋታ ያጫውተዋል። ገበያውን የሚያውቅ ነጋዴ በመሆኑ እጅ ከጆሮ እንደሚቀድም ተረድቷል።

ከዋርሀመር 70 ዓመት በፊት እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ሊትል ዎርስ የተባለ መጽሐፍ በ1913 አሳትሞ ነበር። በመጽሐፉ እንደተረከው ጨዋታው የተወለደው ከምሳ በኋላ ነው። አንድ ወዳጁ ጠረጴዛ ላይ የነበረች የአሻንጉሊት መድፍ አነጣጥሮ አንዱን የአሻንጉሊት ወታደር ይመታል፣ ከዚያም "እስቲ አንተም ምታ" የሚል ፉክክር ይነሣል። ሕጉ የመጣው ኋላ ነው፤ ሰዎቹ መተኮስ ከጀመሩ በኋላ።

በፕሩሲያ ሠራዊት ውስጥ የሆነውም ከዚህ አይርቅም። ፎን ራይስቪትዝ የተባለው መኮንን በ1824 ያቀረበው የካርታ ላይ የጦርነት ጨዋታ በጦር አዛዦቹ ዘንድ ተወዶ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። እየዋለ እያደረ ግን ሕጉና የቁጥር ሰንጠረዡ በዛ፣ መኮንኖቹም ሰለቹት። በ1876 ፈርዲ ዱ ቬርኖይስ የተባለ ሌላ መኮንን አብዛኛውን ሕግ ትቶ ውሳኔውን ልምድ ላለው ዳኛ መስጠት ይሻላል ሲል ጻፈ። ለጨዋታ ብሎ ሳይሆን በግዴታ የሚቀመጥን ወታደር እንኳ የሕግ ብዛት ያርቀዋል፤ በእረፍት ቀኑ የመጣን ጓደኛማ ምን ያስቀምጠዋል?

ይህን ሁሉ ግን ከለንደን መማር አያስፈልግም ነበር። ኢትዮጵያ አዲስ ሰውን ወደ ሰሌዳ ለማምጣት የተመቸ፣ የራሷ የሆነ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነበራት። እሱም የጥንቱ ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዥ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናውቀው ቼዝ አይደለም። ሁለቱ አንድ የሩቅ አያት አላቸው፤ ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረቦች የተሻገረው ሻትራንጅ ነው። አውሮፓ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም ሕጉን ለውጣ ንግሥቲቱን ኃያል ስታደርግ ኢትዮጵያ የድሮውን አካሄድ ይዛ ቆየች። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ሐይቅን አይቶ ስለ ውኃውና ስለ እስጢፋኖስ ገዳም የጻፈውም በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት ይህ ገዳም ከቤተ መንግሥቱ ሩቅ አልነበረም፤ አበ ምኔቱ ዐቃቤ ሰዓት ተብለው ከንጉሡ አጠገብ የሚቀመጡ ባለሥልጣን ነበሩ።

ሰሌዳው እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት አይደለም። ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ 64 ቤት ይወጣበታል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት ሜደቅ ያሰልፋል። ፈርዝ በቼዝ የንግሥቲቱን ቦታ የያዘ ቢሆንም አቅሙ ትንሽ ነው፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል ማለትም ዝሆኑ በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል። ፈረስና የቼዙ ሩክ የሆነው ደር ቼዝ የሚያውቅ ሰው እንደለመዳቸው ይሄዳሉ። ሜደቅ ማለትም እግረኛው ወደፊት አንድ አንድ ቤት ይገፋል።

የሰንጠረዥ ልዩ ነገር ግን አከፋፈቱ ነው። ወረራ ይባላል። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የፈለጉትን ጠጠር በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል፣ ያነሣውን ይመልሳል፣ ሐሳቡን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ እንዲህ ይቀጥላል። አንዱ ከበላ በኋላ ብቻ ነው በተራ መሄድ የሚመጣው።

ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል መግቢያ ማግኘት ይከብዳል። ቼዝ ሲጀመር ጀማሪው የመጀመሪያዋን ጠጠር ይዞ "ልሳሳት ነው" እያለ ይጨነቃል፤ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። በወረራ ጊዜ ግን እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ለጭንቀት ጊዜ የለውም። ያበላሸውን ማረም ይችላል። ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ የሚለምደውም እያንቀሳቀሰ ነው። ተራው ሲመጣ እንግዳነቱ ለቆታል።

ሁለተኛው ጸጋ ተመልካቹ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጎበኝ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ወፍራም እንደነበሩ፣ ተጫዋቹም የሌላውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው እንደሚያነሣው ጽፏል። ጨዋታው በጩኸትና በክርክር የተሞላ ነበር፤ ዙሪያውን የከበበው ሰው ሁሉ ይመክራል። ለአውሮፓዊው እንግዳ ይህ ሁከት መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ጌታውና አሽከሩ በአንድ ሰሌዳ ላይ አፍ ሲካፈሉ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ እየመከረ ያደገ አሽከርም ነገ ጨዋታውን ያውቀዋል። ጨዋታው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚህ በኩል ነው።

ሕጉን በዝርዝር የጻፈው ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በ1848 ከተሾመ በኋላ ብዙ ጊዜውን ያሳለፈው በራስ ዐሊ ዘንድ ሲሆን፣ ራስ ዐሊ ደግሞ ከአምባሰል በስተሰሜን ካለው ከየጁ የወጣው የወረሴህ መሳፍንት ቤት ልጅ ናቸው። ፕላውደን በ1860 ተገደለ፣ መጽሐፉ በ1868 ታተመ። ከእሱ ጽሑፍ እንደምንረዳው በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ አያስከብርም፤ እንዴት እንዳሸነፉ ይታያል። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መውጫ ማሳጣት እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። በፊል፣ በፈርዝ ወይም በሜደቅ ማሸነፍ ያስመሰግናል። ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማሸነፍ ደግሞ አይቻልም፤ ሠራዊቱ ያለቀበት ሰው በአቻ ይለቀቃል። ጓደኛውን ወደ ጨዋታ የሚጋብዝ ሰው ይህችን ሕግ በተለይ ሊወዳት ይገባል። አዲስ ተጫዋች ዳግመኛ የማይመጣው በመሸነፉ ሳይሆን በመዋረዱ ነው፤ ሰንጠረዥ ደካማውን እስከ መጨረሻው ማሳደድን ይከለክላል።

ታዲያ ለምን ጠፋ? ጨዋታው የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ግቢ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1935ቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ ያ ዓለም ሲፈርስ ሰሌዳውም አብሮ ተጠቀለለ፣ በቦታው ዓለም አቀፉ ቼዝ ገባ። ገበጣ ግን አልጠፋም። መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በጠጠር የሚጫወተው እረኛ ቤተ መንግሥት አያስፈልገውም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ መቶ ያህል የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ ባለ ሦስት ረድፉ ዓይነት የአፍሪካ ቀንድ መለያ ነው። በዚያው ዓመት ስለ ሰንጠረዥም ጽፈዋል።

ሰንጠረዥን ዛሬ በሐይቅ መዘርጋት የሚፈልግ ወጣት ወጪው አያስፈራው። አንድ ክንድ ቀይ ጨርቅና ጥቁር ጥብጣብ ከገበያ ይገኛል። ጠጠሮቹ ከጭቃ ይሠራሉ። በደጋው ያደገ ልጅ ሁሉ በሬና ፈረስ ከጭቃ ሠርቶ ያውቃል፤ ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የሸክላ ምስል ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ጓደኞቹን ለመጫወት ከመጥራቱ በፊት ጠጠር ለመሥራት ቢጠራቸው ይሻላል። አንዱ ፈረሱን፣ ሌላው ዝሆኑን ይሥራ፤ የሠራው ፈረስ ሲሰለፍ ቆሞ የማያይ የለም። ዋርሀመር ተጫዋቹን የሚይዘው በዚሁ ነው፤ ራሱ ቀለም የቀባው ምስል ባዳ አይሆንበትም።

ጊዜው የቡና ሰዓት ቢሆን ከወሎ ልማድ ጋር ይስማማል። አቦል ሲቀዳ ተጀምሮ በረካ ላይ የሚያልቅ ጨዋታ ማንንም አያሰለችም፤ የመጀመሪያው ቀን ጨዋታም ከዚያ ባይረዝም ጥሩ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በአንድ ረከቦት ዙሪያ በሚቀመጡበት አገር ሰሌዳው መሐል ላይ ቢገባ ቦታ አይጠበውም።

አንድ ነገር ግን ጋባዡ ማሰብ አለበት። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ባለችበት በደቡብ ወሎ አልፏል፤ ቤቱን ወይም ዘመዱን ያጣ ሰው በየሰፈሩ አለ። የዘመኑን ታንክና ጠመንጃ የሚያሰልፍ ጨዋታ ለእንዲህ ያለ ሰው ጨዋታ ላይሆን ይችላል። ዝሆንና ፈረስ፣ ንጉሥና ሜደቅ ከዚያ ሐዘን ይርቃሉ። ያም ሆኖ ወዳጅ ከሰሌዳው ፊቱን ካዞረ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ጨርቁን ማጠፍ ይገባል። የሚጋበዘው ሰው ከጨዋታው ይበልጣል።

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ ከአያት የተረፈ የቀንድ ወይም የዝሆን ጥርስ ጠጠር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያገኘ ሰው ለቱሪስት ከመሸጡ በፊት ፎቶ ያንሣው፤ በዕድሜ የገፉትን ጠይቆ ጠጠሩ ምን ይባል እንደነበርና እንዴት ይሄድ እንደነበር ይጻፍ። ከዚያ ጨርቁን ይዘርጋና ጎረቤቱን ይጥራ።