ድረ ገጽ ልታሠሩ ነው? ፎንቱን ቀድማችሁ ጠይቁ

አዳማ፣ ሞጆ ወይም ባቱ ላይ ለፔንሲዮን፣ ለካፌ ወይም ለፈርኒቸር ቤት ድረ ገጽ የምታሠሩ ከሆነ፣ ከቀለሙና ከፎቶው በፊት ፎንቱን እንድታጣሩ እንመክራለን። ዋጋውን ማንበብ ያቃተው ደንበኛ አይደውልማ!

አንደኛ፣ የዩኒኮድ ፎንት ይሁን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የአማርኛ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ የሚታየው የተዘበራረቀ ምልክት ነው፤ በአማርኛ ጎግል ላይ የሚፈልጋችሁ ሰውም አያገኛችሁም። ጽሑፉን በፎቶ መለጠፍም መፍትሔ አይደለም፦ ዳታ ይበላል፣ ስልክ ቁጥሩም ኮፒ አይደረግም።

ሁለተኛ፣ ጌጠኛውን ፎንት ለድርጅታችሁ ስም ብቻ ተጠቀሙበት። "ሱ" እና "ሲ" የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ነው፤ ጽሑፉ ሲያንስ ልዩነቱ ይጠፋል። ለዋጋና ለአድራሻ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ግልጽ ፎንት ይበቃል። በነፃ ይገኛል፣ ለንግድም ይፈቀዳል።

ሦስተኛ፣ አፋን ኦሮሞውን አትርሱ። ቁቤ አናባቢውን ለብቻው ስለሚጽፍ፣ የሚጠብቀውንም ድምፅ ስለሚደግም ቃሉ ይረዝማል። በአማርኛ ልክ የተሠራ በተን አይበቃውም። ሁለቱንም ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ገጹን በርካሽ ስልክ ክፈቱና ፀሐይ ላይ ቆማችሁ አንብቡት። ለእናንተ ያልታየ ዋጋ ለደንበኛም አይታይም።