ቅሬና ሱስ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ጎረቤት ለማገገም ምን ይረዳል?

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው፤ ዳኛ፣ መዋጮና ቅጣትም አለው። ሰው ሲሞት ጥሪ ይተላለፋል፣ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ሙስሊምና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ሲቀባበር የኖረበት ሰፈር ብዙ ነው። ከቅሬ የተባረረ ቀባሪ አጣ ማለት ስለሆነ የዳኛው ቃል ይከበራል።

ስለ ሱስ ሲወራ ከቅሬ መጀመር ግር ይል ይሆናል። ነገር ግን እዚህ አገር ጫት ብቻውን አይቃምም። በተሁለደሬና በቃሉ ይመረታል፣ በኮባ ተጠቅልሎ ከተማ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ዕጣን ጨሶ፣ ቡና ፈልቶ፣ ብዙ ቦታ ዱዓ ተደርጎ ይቃማል። ኮባው ለጌጥ አይደለም፤ የሚያነቃቃው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉ ስለሚደክም ነው። ምርቃናው ሲደርስ ጨዋታው ይደራል። ሲበርድ ደግሞ አንዳንዱ ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ መጠጥ ቤት ይገባል፤ አንዱ ሱስ ሌላውን የሚጎትተው እንዲህ ነው። እናም ጫት ላቁም ያለ ሰው ከቅጠሉ ጋር ወዳጆቹንና ከሰዓቱን ሁሉ ይተዋል። ያንን ባዶ ቦታ ሐኪም አይሞላውም።

የሐኪሙ ድርሻ ሌላ ነው፤ እሱንም ቅሬ አይተካም። የጫት ሐራራ ድብርት፣ ንጭንጭና ዱካክ ያመጣል፤ ዱካክ ሌሊት ደረት ላይ ተጭኖ ትንፋሽ የሚያሳጣ ቅዠት ነው። ያስጨንቃል እንጂ ብዙውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። አረቄ ግን ያሰጋል። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሲኒ የማያስይዝ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፣ በሁለት ቀን ውስጥ መንፈራገጥ ሊመጣበት፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል። ቤተሰብ ይህን አይቶ ጋኔን ነው ይላል። ሐኪም ግን ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል። ጸበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ የሚያስፈራው በር ቆልፎ «ይለፍለት» ማለት ነው። የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከኮምቦልቻ እዚያ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት መውጣት ያስፈልጋል፤ የሚንቀጠቀጥን ሰው ብቻውን ሚኒባስ ላይ መጫን ደግሞ አይሆንም። አብሮ የሚሄድ ሰው የሚገኘው ከጎረቤት ነው።

ቅሬ ለሞተ እንጂ ለሕያው አይሠራም የሚል ካለ የኤች አይ ቪን ዘመን ያስታውስ። ቀብር በበዛበትና ካዝና በተራቆተበት ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ዕድሮች ፊታቸውን ወደ ታመመው ሰው አዞሩ፤ አስታማሚ መደቡ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደገፉ። 

ሆኖም ቅሬ ሁሉን አይደርስም። አባሉ ብዙውን ጊዜ ቤት ያለው፣ ትዳር የያዘው ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሠራ ከገጠር የመጣው፣ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በቅሬ መዝገብ ውስጥ የለም። ለእሱ የሚቀርበው የፈረቃ ኃላፊው ነው፤ ፋብሪካዎች በዚህ ጉዳይ ከሆስፒታሉ ጋር የሚነጋገሩበት መስመር ቢኖራቸው ጥሩ ነበር። ወጣቱን ከመጠጥ የሚጠብቅ ሕግም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ግሮሰሪ ያለውም የቅሬ አባል ነው፤ ዳኛው ሕጉን ቢያስታውሰው ከደንብ አስከባሪ ይልቅ ይሰማው ይሆናል።

ሌላው ጣጣ ምስጢር ነው። በቅሬ ስብሰባ የተነሳ ስም ማታውን ሰፈሩን ያዳርሳል። ስለዚህ ጉዳዩ ጉባኤ ላይ ባይወጣ ይሻላል፤ ታማሚው ራሱ የመረጠው አንድ ጎረቤት ቀጠሮውን ይያዝለት፣ ዳኛውም ከዚያ በላይ አይጠይቅ።

ከዚያ በፊት ግን ሳንቲም የማያስወጣ አንድ ነገር አለ። የጠጣ ሰው ቀብር ይቀራል፣ መዋጮ ያሳልፋል፤ ቅጣቱ ላይ በላዩ ይቆለላል። ሲሻለው ወደ ቅሬው እንዳይመለስ የሚያግደው ይኸው ውዝፍ ዕዳ ነው። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ «ሕክምና ላይ ያለ አባል ቅጣቱ አይቆጠርበትም» የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨመር በሩ ክፍት ይሆንለታል።